የማንም ያልሆነች ሩብ ሰዓት

ስዊድን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1978

ለተከበሩ አጎቴ ለሄልመር ባክሉንድ፣
ኒካርሌቢ፣ ፊንላንድ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጅዎ ይድረስ። ዓይንዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ለእርስዎም ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

አያትዎና ቅድመ አያቴ እህትማማቾች መሆናቸውን እናቴ ባትነግረኝ ኖሮ አጎቴ ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም ነበር። የተያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቀብር ላይ ነው። አሁን ግን የሚያገናኘን ነገር ተገኘ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ እንዳስተምር ለአንድ ዓመት ተቀጥሬያለሁ፤ መማሪያው ደግሞ የእርስዎ መጽሐፍ ነው። ቋሚ ሆኜ እንደምቀር ወይም ሻንጣዬን እንደማነሳ የሚወሰነው በሜይ ነው። ይህን ሥራ አጥብቄ እፈልገዋለሁ፣ አልደብቅዎትም።

ልማዱን ያውቁታል። ማስታወቂያው ላይ አራት ሰዓት ተብሎ ይለጠፋል፣ ትምህርቱ የሚጀመረው አራት ከሩብ ነው። ተማሪው ያቺን ሩብ ሰዓት ካፖርቱን ሲሰቅልና ሲያዛጋ ነው የሚጨርሳት። እኔ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ጠመኔ አንስቼ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ስምንት ሰው ነበር የሚመጣው፤ አሁን ስልሳ ደርሰዋል። አንዳንዴም ወሬው ይጥመኝና አራት ከሩብን አልፌ እሄዳለሁ።

እዚህ ተማሪው ሁሉ «አንቺ» ነው የሚለኝ። እርስዎ ቢሰሙ ጥለው ይወጡ ነበር።

አክባሪዎ፣ ዲሳ ኖርድማን


ኒካርሌቢ፣ ሴፕቴምበር 26

ለዲሳ፣

ሰላም ላንቺና ለምትኖሪበት ቤት ይሁን። ዓይኔ ፊደሉን ያተራምስብኛል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም። ጉልበቴን የጠየቅሽው ማን ምን ነግሮሽ ነው? ደህና ነው። እግዚአብሔር ያንቺንም ይጠብቅልሽ፤ ቆሞ ማስተማር ጉልበት ይበላል።

መጽሐፌን ይዘሽ በመቆምሽ ደስ አለኝ። ሩብ ሰዓቷን ሳነብ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ድንች ሲወጣ አባቴ ይጠራኛል፤ አራት ሳምንት ክፍል አልገባም። መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ከዳር እስከ ዳር በልቼው ተመለስኩ። መምህሩ በፈተና የጠየቁን ግን በነዚያ አራት ሳምንታት በቃል የተናገሩትን ነው። ወደቅኩ። «መጽሐፉ ውስጥ የለም» ብላቸው፣ «አዳራሹ ውስጥ ነበር» አሉኝ። ዓመቱን ደገምኩ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ሰነፍ ነህ ሲለኝ ኖረ።

መጽሐፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አዳራሽ የገባውም ድንች ሲያወጣ የከረመውም እኩል እንዲያገኝ ብዬ። አንቺ በዚያች ሩብ ሰዓት የምትሰጪውን፣ ያልመጣው ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ደግሞስ መጽሐፌ ውስጥ ምን ጎደለሽ? በይ ዘርዝሪልኝ።

አጎትሽ ሄልመር


ስዊድን፣ ኦክቶበር 10

ለውድ አጎቴ ሄልመር፣

እንደምን ከረሙልኝ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ከነካፖርቴ። ቁጣዎን ወደድኩት። እዚህ ሰው አይቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ያልፋል፣ ምን እንዳሰበ አይታወቅም። እርስዎ ግን ያሰቡትን ይናገራሉ፤ እግዚአብሔር ያቆይልኝ።

የአባትዎን ነገር ሳነብ አዘንኩ። ስለዚህ ይህን ቃል እገባለሁ፦ በሩብ ሰዓቷ ከተናገርኩት አንድም ነገር አልፈትንም። ግን አጎቴ፣ የመጽሐፉን መልሼ ከነገርኳቸው እኔ ለምን እቆማለሁ? ማንበብ ይችሉ የለም እንዴ? መጽሐፍ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ፊቱን አኮሳትሮ የተቀመጠን ተማሪ አይቶ መንገዱን አይቀይርም። አዳራሹ ለዚህ ካልሆነ ቁልፉን መልሰን ሁላችንም ቤታችን እንግባ።

እስካሁን የነገርኳቸው አምስት ናቸው። ብስክሌት ሲሄድ ለምን አይወድቅም። በሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ሲደፉ ቴርሞሜትሩ ሳይነሳ ገላችን ለምን ይቃጠላል። የሩቅ አገር ራዲዮ ማታ ማታ ለምን ጠርቶ ይሰማል። መርከብ ኋላዋ የምትተወው ሞገድ ለምን ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ አለው። አምስተኛው ስለ ሰበቃ ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚሆነውን እርስዎ ገጽ 58 ላይ «ሕግ» ብለውታል፤ እኔ «ብዙ ጊዜ የሚሠራ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም» አልኳቸው። በዚህ እንዳያኮርፉኝ።

የብስክሌቱን ማስታወሻ አያይዤ ልኬያለሁ።

ወዳጅዎ ዲሳ


ኒካርሌቢ፣ ኦክቶበር 30

ለዲሳ፣

የሰማይ አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ አለሁ። የጎረቤቴ ሚስት በጭስ የደረቀ ዓሣ ልትልክልሽ ፈልጋ ጉምሩክ አይፈቅድም ተባለች፤ ሰላምታውን ብቻ ተቀበይ።

ገጽ 58ን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። በሦስተኛው ቀን ልክ ነሽ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን የምጠይቅሽን በደንብ ስሚ። የቀሩትን አራቱን ማስታወሻዎች አሟልተሽ ላኪልኝ። እያንዳንዱን በስንተኛው ሳምንት እንዳስተማርሽው፣ ስንት ተማሪ እንደነበረ፣ ከስንቱ ስንቱ እንደገባው ጻፊበት። ኃላፊሽ ያውቃል ወይ? እሱን ከድሮም አውቀዋለሁ፤ የመጽሐፌ ሦስተኛ እትም ሲወጣ አስተያየት ሰጥቶበታል። ለምን እንደምፈልገው አሁን አትጠይቂኝ። ጊዜው ሲደርስ ታውቂዋለሽ።

አጎትሽ ሄልመር


ስዊድን፣ ኖቬምበር 22

ለአጎት ሄልመር፣

ጤናዎን እመኛለሁ። የዘገየሁት በምክንያት ነው።

አራቱን ማስታወሻዎች እንዳዘዙኝ በኖቬምበር ሦስት ላኩልዎት። በወሩ አሥራ አራተኛ ቀን ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት አለ፤ አቤቱታ ነው፣ ፊርማውን በእጁ ከልሎታል። ከመጽሐፉ ውጭ የማስተምረው ተቆጥሮበታል፦ ብስክሌት፣ ሳውና፣ ራዲዮ፣ መርከብ፣ ሰበቃ። አምስቱም፣ አጎቴ፣ ለእርስዎ በጻፍኩበት ቅደም ተከተል። ገጽ 58 ሳይቀር ተጠቅሷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ብቻ እንዳስተምር ታዘዝኩ። ሩብ ሰዓቷም ቀረች። ሜይ ላይ ስለ ቋሚው ቦታ ሲወሰን ይህ ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ይኖራል። ኃላፊው በጨዋ ድምፅ «መጽሐፉ የሁሉም ነው፣ የአንቺ ወሬ ግን ለመጡት ብቻ ነው» አለኝ። ይህን አነጋገር የት ነው የሰማሁት?

ስለዚህ በግልጽ እጠይቅዎታለሁ። ደብዳቤዬን ወይም ማስታወሻዬን ለማንም አሳይተዋል?

ዲሳ


ኒካርሌቢ፣ ዲሴምበር 4

ለዲሳ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያረጋጋው። ሥራሽ ላይ የደረሰውን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ፣ የምር ነው የምልሽ።

ውሸት አልነግርሽም፤ ለአንድ ሰው አሳይቻለሁ። የማታውቂው ሰው ነው። ኃላፊሽ አይደለም። ከዚህ በላይ ግን አሁን አልናገርም፤ ቃል ሰጥቻለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ እመኝኝ።

ባሕሩ ትናንት በረዶ ያዘ። ስለ በረዶ ያስተማርሽው ነገር የለሽም? በክረምት እንዴት እየወፈረ እንደሚሄድ የሚያሰላ? መጽሐፌ በረዶ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚሠራ ነግሮ ዝም ይላል፤ እዚህ አገር ላለ ሰው ይህ ያሳፍራል። ካለሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስልኝ። ከዚያ በኋላ አይጠቅመኝም።

አጎትሽ ሄልመር


ስዊድን፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1979

ለተወደዱና ለተከበሩ አጎቴ ሄልመር፣

አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤና፣ የደስታ ይሁንልዎ። ባለፈው ደብዳቤዬ ጠንከር ብዬ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ድካም ነው።

የበረዶውን ስሌት ይኸው ልኬያለሁ፣ ሦስት ገጽ ነው። ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ብርድ ለአሥር ቀን ሳይለዋወጥ ቢቆይ፣ በረዶው ሃምሳ ሴንቲሜትር ይደርሳል። ይህችን ክፍል ውስጥ አላስተማርኳትም፤ ለማንም ተናግሬያትም አላውቅ። በዓለም ላይ የምናውቃት እርስዎና እኔ ብቻ ነን።

አክባሪዎ ዲሳ


ስዊድን፣ ፌብሩዋሪ 27

ለአጎቴ ሄልመር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰባት ሳምንት ሙሉ ድምፅዎ ጠፋብኝ። ደህና ነዎት?

አንድ ነገር ልንገርዎት። ትናንት የክፍሉ ተጠሪ፣ ሙናክስ የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ትምህርት ሲያልቅ ቀርታ አለቀሰችብኝ። አቤቱታውን የጻፈችው እሷ ናት፤ ሃያ ሁለት ተማሪዎች ፈርመውበታል። ከአውቶቡሱ ሰዓት የተነሳ አራት ሰዓት ላይ መድረስ የማይችሉ ናቸው። «የቀረብን ነገር ፈተና ላይ የሚመጣ መስሎን ፈራን» አለችኝ። እንደማልፈትን ለመጡት ነግሬያለሁ፤ ላልመጡት ማን ይንገራቸው? ቅደም ተከተሉስ አልኳት። ምን እንደጠየቅኳት አልገባትም። «በተማርንበት ተራ ነዋ» አለች። እኔም ለእርስዎ የጻፍኩት በዚያው ተራ ነበር። ገጹንም ክፍል ውስጥ በአፌ ጠርቻለሁ።

እነዚያን ሦስት የበረዶ ገጾች እባክዎ ይመልሱልኝ። ለሥራ ስለምፈልጋቸው ነው። ለማንም ሳያሳዩ በቶሎ ይላኩልኝ።

ዲሳ


ስዊድን፣ ማርች 19

አጎቴ፣ እግዚአብሔር በጤና ያኑርዎት። የፌብሩዋሪው ደብዳቤዬ ደርሶዎታል? የበረዶውን ነገር እባክዎን። ሁለት ቃልም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ዲሳ


ኒካርሌቢ፣ ኤፕሪል 24

ለውድ ልጄ ለዲሳ፣

ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን፤ ይህን የምጽፍልሽ እያየሁ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቼን ቀደዱኝ፣ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፋሲካ ፊቴ ታስሮ ከረመ። ደብዳቤዎችሽ ሳጥን ውስጥ ቆይተው ትናንት ነው ያነበብኳቸው። እንኳን ያቺ ልጅ እውነቱን ነገረችሽ። እኔም የአውቶቡስ ልጅ ነበርኩ፤ በእሷ አልፈርድም።

የበረዶውን ገጾች መልስ ብለሻል። አሁን መመለስ አይቻልም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን ጥቅል ፍቺው።

አምስተኛው እትም ነው። አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ተመልከቺ፤ አዲስ ነው። ብስክሌቱ፣ ሳውናው፣ ራዲዮው፣ መርከቡ፣ በረዶው፣ ሁሉም አለ። ገጽ 58ም ተስተካክሏል። በምዕራፉ ራስ ላይ ስምሽ ተጽፏል፤ ያንቺ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይወቅ ብዬ። ማስታወሻሽን ያሳየሁት ለአሳታሚው ነው። አዲስ እትም እንዲያወጣ ስለምነው ስንት ተማሪ ወደደው፣ ኃላፊው ምን አለ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ እስኪወስን ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ኖቬምበር ላይ ያን ትእዛዝ ሲሰጡሽ ይበልጥ ጨከንኩ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ብቻ አስተምሪ አይደል ያሉሽ? እሺ፣ ይኸው መጽሐፉ ውስጥ ገባ። አሁን ድንች የሚያወጣውም ልጅ ያገኘዋል፣ አንቺም ማንንም ሳትፈሪ ትናገሪዋለሽ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። ዲሴምበር ላይ ባሕሩ እንደያዘ እዚህ አሥር ቀን ያህል አንቺ እንዳልሽው በርዶ ነበርና በረዶውን በስቼ በዱላዬ ለካሁት፤ ሠላሳ ሁለት ሴንቲሜትር ነው። ያንቺ ስሌት ሃምሳ ይላል። ስሌቱን እንዳላጣራ ያኔ የቀመሩ ደቃቅ ፊደል አይታየኝም፤ ለአሳታሚው እንዳለ ላክሁት። በባሕሩ ጨው አሳበብኩ፣ ላዩ ላይ በተኛው ብናኝ በረዶ አሳበብኩ፣ በመጨረሻም ዱላዬን ተጠራጠርኩና የጎረቤቴን ሜትር ተውሼ የዱላዬን ምልክት እንደገና ለካሁ። ያንቺን ስሌት ግን አልተጠራጠርኩም። አንቺ ልጅ ከመጽሐፍ በላይ ታውቂያለሽ አልኩ።

የሚወድሽ አጎትሽ ሄልመር


ስዊድን፣ ሜይ 17

ለአጎቴ ሄልመር፣

ዓይንዎ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ባያዩበት ግን ይሻል ነበር።

ዱላዎ ልክ ነው። ሃምሳ የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው ሠላሳ አምስት ነው። እጄ ስቶ አይደለም። ቀመሩ ውስጥ ሁለት መሆን የነበረበትን ሆን ብዬ አራት አደረግሁት። ለኃላፊው የሚነግሩት እርስዎ ነዎት ብዬ አምኜ ነበር። ትክክለኛውን ስሌት ማንም ሊሠራው ይችላል፤ የተሳሳተውን ግን የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ኃላፊው ሃምሳ ብሎ ከተናገረ ይዤዎታለሁ አልኩ። ወጥመድ ነበር። አንድም ቀን አልተናገረም። የመልሱልኝ ልመናዬም ለሥራ አልነበረም፤ ማፈሬን ለመሸፈን ነው።

ጥቅሉን ስፈታ ምዕራፉን አየሁ፣ ስሜን አየሁ፣ ከዚያ ገጽ 231ን ገለጥኩ። ሃምሳው እዚያው ታትሟል።

ባለፈው ረቡዕ የበረዶው ተራ ደረሰ። መቶ አርባ ተማሪ አዲሱን እትም ገልጦ ነበር፣ ኃላፊው የቋሚውን ቦታ ጉዳይ ሊመዝን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ብቻ መናገር እችል ነበር፤ ትእዛዙም እሱ ነው። «ገጽ 231 ላይ ያለው ስህተት ነው፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው፣ ደራሲው አያውቁም» አልኳቸው። ትክክለኛውን በሰሌዳው ላይ ሠራሁት። ሲያልቅ ኃላፊው አጠገቤ መጥቶ፣ ከመጽሐፍ ውጭ ማስተማሬን ሊረሳው አስቦ እንደነበር ነገረኝ፤ አውቆ ሐሰት የጻፈን ሰው ግን ሊያስቀጥል እንደማይችል። ቦታውን ለሌላ ሰጡት። አልተከራከርኩም።

የእርስዎ ስም ሽፋኑ ላይ ነው፣ ስህተቱ ውስጡ ነው። እንዴት ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዲሳ


ኒካርሌቢ፣ ጁን 2

ለዲሳ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አሳታሚው በየመጽሐፉ የእርማት ወረቀት ይለጥፋል። የማን ስህተት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ የኔ ነው አልኩት። አንቺን ለማዳን ብዬ አይደለም፤ ሳላጣራ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጆች በረዶ ላይ አቋርጠው ትምህርት ቤት የሚሄዱበት አገር ነው። ሃምሳ ነው ብሎ ትራክተር የሚነዳበት ሰው ቢኖርስ? በዚህ በጣም ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም። ተማሪዎቹ ፊት ቆመሽ መናገርሽ ግን ከባድ ነገር ነው፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ አላደርገውም ነበር። ሥራሽን በማጣትሽም አዝኛለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ደብዳቤዎችሽ ሰባት ናቸው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። የኖቬምበሩ ፊት ለፊት የጠየቅሽኝ ነው፣ እሱን አልከፋበትም። የጃንዋሪው ምን እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ። የኦክቶበሩ ግን? ከነካፖርትሽ ቆመሽ አንብበሽ ቁጣዬን እንደወደድሽው የጻፍሽልኝ። ታስሬ በተኛሁበት ጊዜ ሁሉ በቃሌ ስለው የከረምኩት እሱን ነው። ዛሬ በገዛ ዓይኔ ሳነበው ግን እያንዳንዱን መስመር ቆም እያልኩ እመረምራለሁ፣ ይኼኛውስ ለምን ተጻፈ እያልኩ።

እሱ የምር ነበር?

ሄልመር